«እስቲ ስልካችሁን አውጡ» የሚሏት ነገር

ሰው ሰብስቦ በስልክ ድምፅ ማሰጠት ፈሊጥ ሆኗል አይደል? ይሁን። ግን ወይ በወጉ ሥሩት ወይ ተዉን!

አዳራሹ 120 ሰው ይዟል። ስክሪኑ ላይ መዳፍ የምታህል ኪውአር ኮድ፣ ከሥሯ ሰባት መስመር ጽሑፍ። የኋለኛው ወንበር 15 ሜትር ይርቃል። ርቀቱን ለ10 አካፍሉ፤ የኮዱ ጎን አንድ ሜትር ተኩል ይሁን። ሙሉ ስላይድ ስጡት፣ ጥቁር በነጭ፣ ዙሪያው ባዶ። በወርቃማ ቀለም አስጊጣችሁ፣ ፕሮጀክተሩ ላይ መብራት ለቃችሁ «አልነበበም እንዴ?» ትላላችሁ። እንዴት ይነበብ!

ከዚያ ሰብሳቢው፣ ማይኩን እንደያዙ፦

«ስንት ሰው ገባ?»
ላፕቶፑ ጋ ያለው ልጅ፦ «11፣ ጋሼ።»
«ሌላው ምን እየሠራ ነው?»
«ዋይፋዩ እየዞረ ነው…»
«አንተስ ምን እየሠራህ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ኧረ ምን ያድርግ? አንዲት ራውተር ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ 120 ስልክ በአንድ ደቂቃ ግባባት ስትሏት ትሞታለች እንጂ ምን ትሆናለች! የድምፅ መስጫው ገጽ ቀላል ነው፣ ለተሳታፊው ሞባይል ዳታ ይበቃዋል። ለላፕቶፑ የብቻው ሆትስፖት አብሩለት። የመግቢያ ቁጥሩን በር ላይ በወረቀት አድሉ፣ ሰው ሻይ ይዞ ሳለ ገብቶ ይጠብቅ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ለሆነ እናቶችና አባቶችም አረንጓዴና ቀይ ካርድ አዘጋጁ። ካርድ ደግሞ ቻርጅ አይጨርስም።

ሌላው ጉድ ነፃው አካውንት። ሜንቲሜትር የሚሉት የስልክ ድምፅ መስጫ ድረ ገጽ በነፃ በወር የሚፈቅደው 50 ተሳታፊ ነው። ማክሰኞ ሥልጠና ላይ ኮታውን በልታችሁ ሐሙስ በዚያው አካውንት ጉባኤ ትጠራላችሁ። የሚከፈልበትን ግዙ ሲባል ደግሞ የዶላር ካርድ የት አለ?

የቃል ደመናዋንማ፣ ብዙ ሰው የጻፈው ቃል ገዝፎ የሚወጣባትን፣ አታንሱብኝ። «በአንድ ቃል ምን ያስፈልገናል?» ተባለ እንበል። 14 ሰው «ሥልጠና»፣ 19 ሰው «ስልጠና»፣ 22 ሰው «በጀት» ጻፈ። ማሽኑ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ጋር አንድ ነው ብሎ አይደምርም፤ 33ቱ ለሁለት ተከፍሎ በጀት መሐል ላይ ገዝፎ ይወጣል። ከዚያ ሪፖርት ይጻፍበታል! የሚቆጠር ነገር ከፈለጋችሁ አራት ምርጫ አስቀምጡና ይምረጡ።

ውጤቱንም ሰው እየመረጠ ሳለ አታሳዩ። የ«እስማማለሁ» ባር፣ ያቺ የግራፍ ዘንግ፣ ስታድግ ያየ ሁሉ ወደዚያው ይነጉዳል። ደብቁት፣ 45 ሰከንድ ስጡ፣ ዝጉ፣ ከዚያ ግለጡ። አንድ ጠቅታ ናት፣ አንድ!

«ስም አይታይም፣ በነፃነት መልሱ» ይሉና ቀጣዩ ጥያቄ «የሥራ ክፍልዎ? የአገልግሎት ዘመንዎ?» ግዥ ክፍል ውስጥ 20 ዓመት የቆየ ስንት ሰው አለ? አንድ! ዙም ላይም ያው ነው፤ ስም አልባ የሚለውን ቀድማችሁ ካልመረጣችሁ ሪፖርቱ ከነስማቸው ይዘረግፋቸዋል። «አመራሩ ላይ እምነት አለዎት?» ተብሎ የመለሰ ሰው ስሙ ኤክሴል ላይ ሲወጣ አስቡት።

ዙም ካነሳን፣ ያለፈው ሳምንት «ፖሉ (የድምፅ መስጫ ጥያቄው) ጠፋ» ጩኸትስ? አልጠፋም! ጥያቄው የተዘጋጀው በአንዱ አካውንት፣ ስብሰባው የተከፈተው በሌላው። ማን ይሰማል? «ቴክኖሎጂ እኮ» ተብሎ ይታለፋል፣ ጥፋቱ ደግሞ ላፕቶፕ ያዡ ላይ ይለጠፋል።

የከሰዓቱ ፕሮግራም ላይ «የቀጥታ አስተያየት፣ 20 ደቂቃ» ይላል። ጥያቄዎቹን ማንም አልሞከራቸውም። ዳታ ግዙ እንግዲህ።