ማስተካከያ፦ የ1954ቱን ዋንጫ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው

ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞር ጽሑፍ፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ አምበላችን ይድነቃቸው ተሰማ እንደነበሩ፣ የማሸነፊያዋንም ጎል መንግሥቱ ወርቁ እንዳስቆጠረ ይናገራል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

አቶ ይድነቃቸው ያኔ አሠልጣኝ ነበሩ። አምበሉ የአስመራው ልጅ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለውም እሱ።

ጎሎቹም ቅደም ተከተል አላቸው። ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር በተደረገው ፍጻሜ ሁለት ጊዜ ተመርተናል። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ አቻ አደረገን፤ ደስታው ሳይበርድ የግብፁ ባደዊ ድጋሚ አገባብን። 84ኛው ላይ ሉቺያኖ ደረሰልን። ያቺ ጎል ባትኖር ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር! በጭማሪው የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ መሪ አደረገን። ስለዚህ የማሸነፊያዋ ጎል የኢታሎ ናት። ስሙ እንዲህ መዘለሉ በጣም ያሳዝናል።

መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛዋን ጨምሮ 4 ለ 2 አለቀ። የውድድሩን የኮከብ ግብ አግቢነትም ከባደዊ ጋር ተጋርቷል፤ ሁለቱም ሦስት ሦስት ጎል ነበራቸው።