የዊንዶውስ 2000ን ኃጢአት በሃይፐርትሬዲንግ ላይ አትጫኑ

የኢንቴል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሊፕ ቡ ታን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ኩባንያው ከሃይፐርትሬዲንግ (አንዱን ፕሮሰሰር እንደ ሁለት ከሚያሠራው ቴክኖሎጂ) መራቁ በሰርቨር ገበያው ተወዳዳሪነቱን እንደጎዳው አምነው ቴክኖሎጂው እንደሚመለስ ተናገሩ። እኔን ያናደደኝ ንግግራቸው ሳይሆን እሱን ተከትሎ የተቀሰቀሰው የቆየ ክስ ነው፦ «ሃይፐርትሬዲንግ ከመነሻውም የማስታወቂያ ብልሃት ነበር፤ ዊንዶውስ 2000 ላይ ኮምፒውተሩን እንዴት ያንቀራፍፈው እንደነበር አስታውሱ» የሚለው።

ማስረጃ ተብዬው ከሳሾቹን ራሳቸውን ይረታል። ዊንዶውስ 2000 ገበያ የወጣው በ2000 መጀመሪያ ነው። ሃይፐርትሬዲንግ ግን በኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር በዜዮን የመጣው በ2002፣ በፔንቲየም 4 ከየቤታችን የገባው ደግሞ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ያልተወለደን ልጅ ስሙን አላወቀም ተብሎ ጎረቤት ይከሰሳል? እሺ፣ ጎረቤቱ ይቅርታ ይደረግለት፤ ልጁን ጥፋተኛ ማድረግ ግን ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃይፐርትሬዲንግ አንዱን ፕሮሰሰር እንደ ዊንዶውስ ላለው ሥርዓተ ክወና ሁለት አድርጎ ያሳየዋል፤ የማስሊያ ክፍሎቹና ካሹ (የቺፑ ፈጣን ማስታወሻ) ግን የጋራ ናቸው። ሁለት ዜዮን በተገጠመለት ማሽን ላይ ዊንዶውስ 2000 ሰርቨር አራት ፕሮሰሰር ያያል፤ አራቱንም እኩል ይቆጥራል። የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ ቺፕ እንደሚጋራ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ከባድ ሥራ ሲመጣለት ሁለቱንም አንዱ ቺፕ ላይ ጭኖ ሌላውን ሥራ ፈት ሊያደርገው ይችላል። ከዚያም ተጠቃሚው ሃይፐርትሬዲንግን ይራገማል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲመጣ ሥራውን በቅድሚያ ወደ ባዶው ቺፕ መላክን ያውቅ ነበር፤ ሥራ የሌለውን ግማሽ ደግሞ ቶሎ እያስተኛ ሀብቱን ለሌላኛው ይለቅለታል። ቺፑ ያው ነው። የተለወጠው ሥራ ደልዳዩ ዊንዶውስ ነው።

የፈቃዱ ጉዳይማ ያስቃል። ዊንዶውስ 2000 ሰርቨር የተፈቀደለት እስከ አራት ፕሮሰሰር ነው። አራት ዜዮን ባለው ማሽን ላይ ስምንት ሲታዩት አራቱን ይዞ የቀሩትን አራቱን እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል፤ በፈቃዱ ስሌት በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ግማሽም እንደ ሙሉ ፕሮሰሰር ይያዛልና። ለአንድ ፕሮሰሰር ብቻ የተፈቀደው ኤክስፒ ሆም ግን ቺፑን ስለሚቆጥር ሁለቱንም ግማሾች ያሠራል። ውድ ሰርቨር ላይ የተከለከለው ነገር ለቤት ኮምፒውተር ተፈቀደ! ይህን የወሰነው የማይክሮሶፍት የፈቃድ አንቀጽ እንጂ የኢንቴል መሐንዲስ አይደለም።

በዊንዶውስ የተግባር አስተዳዳሪ (ታስክ ማናጀር) መስኮት የሚታየውን «50 በመቶ» ይዘው የሚመጡም አሉ። አንድ ፕሮግራም በአንድ መስመር ብቻ ሲሠራ ሁለቱን ግማሾች ከሚያሳዩት ሣጥኖች አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል፤ እነሱም «ፕሮሰሰሬን ግማሽ አደረገው» ይላሉ። ሠዓሊው ሥዕሉን ስላበላሸ ባለመልኩን መክሰስ ነው።

ኢንቴል በ2002 ባሳተመው ጽሑፍ የቺፑ ስፋት የጨመረው ከ5 በመቶ በታች እንደሆነ፣ በሰርቨር ፕሮግራሞች የተገኘው ፍጥነት ግን እስከ 30 በመቶ እንደሚደርስ ገልጿል። የሻጭ ቁጥር ነውና ግማሹን ቀንሱለት። በ5 በመቶ ቦታ 15 በመቶ የሚጠላ ማን ነው?

ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓተ ክወና በ2018 በደኅንነት ስጋት ምክንያት ቴክኖሎጂውን በነባሪነት አጥፍቶታል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ያ የምስጢር ጥበቃ ክርክር ነው፤ ስለ ፍጥነት ለሚነሳው ክስ ምስክር አይሆንም።

ዛሬም ዊንዶውስ 2000 የሚያሠራ ካለ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ሃይፐርትሬዲንግን ያጥፋ፤ ኢንቴልም በጊዜው የመከረው ይህንኑ ነው። ለሃያ ዓመት በተሳሳተ ሥርዓት ያሠራውን ግን የፍጥነት መለኪያ ነው ብሎ አያቅርብልን።