«ሒሳቡ ግልጽ ነው» ላሉን ምሁር

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ ውይይት አንድ ምሁር «አንድ ሰው ሞቶ አምስት ከዳነ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ስሜት ምን ይሠራል?» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እጄን አንስቼ ነበር፤ ዕድሉ ስላልደረሰኝ እዚህ እናገራለሁ።

እንቆቅልሹ እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 የጻፈችው ነው፤ ከቁጥጥር የወጣ ባቡር አምስት ሰው ሊገድል ነው፣ ሹፌሩ ወደ ሌላ ሐዲድ ቢያዞረው ግን እዚያ ያለ አንድ ሰው ይሞታል፤ ያዙረው ወይ? ምሁሩ ባቡሩን ትተው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ አደረጉት፤ ከፊት አምስት ሰው፣ ከጥግ አንድ እረኛ። ሐረጎን የሚያውቅ ሹፌር ግን ሰው አይቆጥርም። ጡሩምባውን ይነፋል፣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ካልሆነለት መኪናውን ከነራሱ ከተራራው ጋር ያላትማል። ራሱን የሚሰጥ ሰው ክብር ይገባዋል፤ የሰውን ልጅ መስጠት ግን ማን ፈቀደለት?

«ሐኪሞችም በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው» የሚለው ንግግራቸው ደግሞ ለሐኪሞቻችን ስድብ ነው። አንድ ኦክስጅን ብቻ ያለው ሐኪም ለአንዱ ሲሰጥ ሌላውን አልገደለም። የምሁሩ ሒሳብ ልክ ከሆነ ለጉንፋን የመጣውን ጤነኛ አጋድሞ ልቡን፣ ጉበቱን፣ ሳንባውንና ሁለቱን ኩላሊቶቹን ለአምስት ሕሙማን ማከፋፈልም ልክ ሊሆን ነው። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን ይህን ጥያቄ ካነሳች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗል። ምሁሩ አልፈውታል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ወሎ ላይ መባሉ ነው። ቆጣሪው ማን ነው? የሚቆጠረውስ? በ1965 እና በ1966 ገበሬያችን በዋናው መንገድ ዳር ሲረግፍ ወሬው የታፈነው ለአገር ስም ሲባል ነበር። የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን እስኪያሳየው ድረስ ዓለም አላወቀም። በ1977 ደግሞ ደርግ ሰዉን ሳይወድ በግዱ እየጫነ ለሰፈራ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያግዝ፣ ባል ከሚስት ሲለይ፣ ያኔም ለብዙኃኑ ጥቅም ተብሎ ነበር። ወረቀትና እርሳስ የያዘው ሰው አንድም ጊዜ ራሱን «አንዱ» ብሎ አልመዘገበም። «አንዱ» ሁሌም እረኛው ነው፣ ገበሬው ነው፣ ጠያቂ የሌለው ነው። አንዱም አንድ ሆኖ አይቀርም፤ መንገድ ዳር የቀሩት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

መምረጥ ግድ የሚሆንበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ። አያቴ በ1977 ኮረም መጠለያ ነበረች። እህሉ ለሁሉም ስለማይበቃ ነርሷ የልጆቹን ክንድ በሜትር እየለካች የባሰበትን ታስገባለች። አጎቴ ገባ። የጎረቤታችን ልጅ ክንድ በትንሽ በለጠና ውጭ ቀረ። እናቱ ምንም አላለች፤ ነጠላዋን አልብሳው ቁጭ አለች። ነርሷ ሜትሩን እጇ ላይ ጠቅልላ ከድንኳኑ ጀርባ ስታለቅስ አያቴ አይታለች።