«ራጁ ንጹህ ነው»

አራት ኪሎ ማኪያቷችንን ይዘን ስናወራ አንዱ ወዳጃችን በቦርድ ሊወጣ፣ ማለትም ሐኪሞች መሥራት አይችልም ብለው አረጋግጠውለት ጡረታ ሊወጣ ማመልከቱን ነገረን። የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ከወገቡ እስከ ትከሻው ያመዋል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ አይታዘዙለትም። ራጁም ኤምአርአዩም የደም ምርመራውም ንጹህ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ፋይብሮማያልጂያ ነው አለው፤ መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያም፣ በራጅ የማይታይ ሕመም።

ሰው ሀብት ክፍል የሚሠራው ጓደኛችን ወዲያው ያዘው። «እኔ ባምንህ ምን ዋጋ አለው? ወገቤን ያለ ሁሉ ጡረታ ከወጣ ማን ሊሠራ ነው? ስንት የውሸት የሕመም ፈቃድ አይቻለሁ መሰለህ!»

«እና ሞቼ ላሳይህ?» አለ ባለሕመሙ። እውነትም ጊዜ የለውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። እሱ ያለ ክፍያው ላይ ደርሷል። ለጡረታ የሚያበቃውን የ10 ዓመት አገልግሎት ግን ሞልቷል፤ የጎደለው የሐኪሞቹ ማረጋገጫ ነው።

ሲስተር (ነርስ ናት፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራት) አላስቻላትም። «ዲስኩ ወጥቶ በኤምአርአይ እየታየ አንድም ቀን ያላመመው ሰው ሞልቷል። የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው ሳይጥለው ሲመረመር ኢኢጂው (የአንጎል ሞገድ ምርመራው) ደህና ሊሆን ይችላል። ንጹህ ነው ማለት አላመመውም ማለት ነው ያለህ ማነው?»

«ታዲያ እኔ በምን ልለየው?»

መቼም ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱን ያገኘነው ባለሕመሙ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፍ ነው። የራጅ ፊልም፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ከተለያዩ ክሊኒኮች የተሰበሰበ የሕመም ፈቃድ። ሁሉም ላይ ያው ነው፦ የወገብ ሕመም፣ 5 ቀን ዕረፍት፣ ማኅተም። የመድኃኒት ማዘዣዎቹ ፋርማሲ ቀርተዋል። ስንት ደቂቃ መቀመጥ እንደሚችል የሚል አንድ መስመር የለም። የሰው ሀብቱ ሰው ወረቀቶቹን አገላብጦ «እዚህ ላይ የማነበው እኮ አምስት ጊዜ ታሞ አምስት ጊዜ የዳነ ሰው ነው» አለ።

እስካሁን ዝም ያሉት ጋሼ አሜሪካ ያለችውን የእህታቸውን ልጅ አነሱ። እዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው፣ ጡረታና መሥራት ላልቻለ ሰው ክፍያ የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በፈረንጆቹ 2012 ለዚሁ ሕመም ብቻ መመሪያ አውጥቷል። አንደኛው መንገድ ሐኪሙ 18 ቦታ ተጭኖ ቢያንስ 11ዱ ላይ ሕመም ማግኘቱ፣ ሌላ በሽታ አለመሆኑም ተመርምሮ መለየቱ ነው። ከሥራ የሚያግደው ችግር ደግሞ 12 ወር የዘለቀ ወይም ይዘልቃል የተባለ መሆን አለበት። «እዚያም ቢሆን ዝም ብሎ አይሰጥም» አሉ፤ «ግን ራጅ አምጪ አላሏትም።»

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። የሰው ሀብቱ ጓደኛችን ወረቀት መጠየቁ ልክ ነው፤ የጠየቀው ወረቀት ግን ልክ አይደለም። ባለሕመሙም ክሊኒክ መቀያየሩን ትቶ በሽታውን ያወቀለት ሐኪም ጋ ይመለስ። ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ፣ ምን ምን ተመርምሮ እንዳልሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳልረዳው፣ ምን ያህል ሰዓት ተቀምጦ መጻፍ እንደሚችል ያስጽፍ። ደጁ ላይ ወረፋ የተሰለፈበት ሐኪም ይህን ሳይጠየቅ አይጽፍም። ደግሞ የቀረበትንና ከሥራ ሰዓት በፊት የወጣበትን ቀን ሁሉ መዝግቦ የያዘው የራሱ መሥሪያ ቤት ነው። ያንን ለቦርዱ ከሚጻፈው ደብዳቤ ጋር ለማያያዝ ራጅ አያስፈልግም።