የአኒታ ጫማ

ስለ ቼሎ (ትልቅ ባለአውታር የሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋቿ አይሁዳዊት አኒታ ላስከር-ዎልፊሽ የጻፋችሁት ልቤን ነካው። ግን የጫማዋን ነገር ዘለላችሁት።

እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ ኦሽዊትዝ፣ የጀርመን ናዚዎች የግድያ ካምፕ፣ ስትገባ 18 ዓመቷ ነበር። ወላጆቿን ናዚዎች ቀድመው ገድለውባታል። ራቁቷን አቁመው ፀጉሯን ሲላጩ ቼሎ እንደምትጫወት ለላጪዋ እስረኛ ተናገረች። የካምፑ ሴት እስረኞች የሙዚቃ ቡድን (ኦርኬስትራ) ደግሞ ቼሎ አልነበረውም፤ ያቺ ወሬ አተረፈቻት። ጫማዋን ላጪዋ ወሰደችው። ቆይታ እህቷ ሬናተም ካምፑ ገባች። ያንን ጫማ ሌላ ሰው እግር ላይ አየችው! ከየት አመጣሽው ብትል «ከአንዲት ቼሎ ተጫዋች» ተባለች። በዚህ ተገናኙ። ሁለቱም ተረፉ።

አኒታ እንግሊዝ ገብታም ቼሎዋን አልተወችም። ለአሥርት ዓመታት ግን ጀርመንን አልረግጥም ብላ ነበር። እኔ በበኩሌ አልፈርድባትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመን ፓርላማ ፊት ቆማ ስትናገር ዕድሜዋ 92 ደርሶ ነበር።