ጋሼ ያስባለኝ ሊንከር

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ብርድ አይደለም፣ ንዴት ነው።

አንዲት ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት ዝግጁ ኮድ፣ ዊንዶውስ ላይ ልገንባ ብዬ ነው። መመሪያዋ ላይ ለሊኑክስ ሦስት መስመር ትእዛዝ ተጽፏል። ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ሜክ ኢንስቶል። አለቀ። ለዊንዶውስስ? አንዲት ዓረፍተ ነገር፦ «ዊንዶውስ ላይም መሥራት አለባት።» አለባት! ማን አስገድዷት? ሞክሮ ያየ ሰው እኮ «ትሠራለች» ነው የሚለው።

ቪዥዋል ስቱዲዮ፣ የማይክሮሶፍቱ የፕሮግራም መሥሪያ፣ ሲጫን ስታርት ሜኑ ውስጥ ስንት የትእዛዝ መጻፊያ ጥቁር መስኮት እንደሚደረደር ታውቃላችሁ? ዴቨሎፐር ኮማንድ ፕሮምፕት። ኤክስ64 ኔቲቭ ቱልስ፣ ለ64 ቢት። ኤክስ86 ኔቲቭ ቱልስ፣ ለ32 ቢት። ከዚያ ኤክስ64_ኤክስ86 ክሮስ፣ ደግሞ ተገልብጦ ኤክስ86_ኤክስ64 ክሮስ። ሲከፈቱ ሁሉም ያው ጥቁር ናቸው። መንታን እንኳ እናቱ ትለየዋለች።

እኔ «ዴቨሎፐር» የሚለውን ከፈትኩ። ዴቨሎፐር አይደለሁ? ለካ እሱ ካልነገሩት በቀር የሚገነባው 32 ቢት ነው። ላይብረሪዋ የምትፈልገውን ዚሊብን፣ ዳታ መጭመቂያውን ሌላ ላይብረሪ፣ ግን ትናንት በ64 ነበር የገነባሁት። ፋኑ እንደ ወፍጮ ሲጮህ ቆየና መጨረሻ ላይ ዱብ አለ፦ ኤልኤንኬ1112። የሊንከሩ፣ የኮዱን ቁርጥራጮች አንድ ላይ የሚሰፋው መሣሪያ፣ የስህተት ቁጥር ነው። አንዱ ኤክስ64፣ አንዱ ኤክስ86፣ አልተስማሙም።

አሁን ሳየው መልእክቱ ግልጽ ነው። ያኔ ግን ግንባታውን የሚያዘጋጀውን ሲሜክን ሰደብኩ። ፓዝ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ፣ ገብቼ ደህናውን ሁሉ አተራመስኩ። የፎልደሩ ስም ረዝሞ ይሆናል ብዬ ሁሉንም ሲ ድራይቭ ላይ «ቢ» ወደምትባል ፎልደር አዛወርኩ። የዊንዶውስ የፋይል አድራሻ የ260 ፊደል ገደብ ድሮ አንድ ቀን አቃጥሎኛል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ይሄኔ አዲሱ ልጅ መጣ። ወንበር እንኳ አልሳበም።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

ጋሼ። 34 ዓመቴ ነው።

«ሊንከሩ ተበላሽቷል» አልኩት። ሊንከሩ። ተበላሽቷል። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው።

ስልኩን እየነካካ አንድ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ጣል አደረገ። «ይሄ እኮ የ32 ቢቱ መስኮት ነው።»

«አውቃለሁ።» አላውቅም ነበር።

«አውቀው ነው?»

«እ... እየሞከርኩ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

ያቺ «እሺ ጋሼ» ናት የገደለችኝ። አዛውንት መንገድ ሲያሻግሩ የሚባለው ዓይነት እሺ። እሱ ረስቶት ይሆናል፣ እኔ ግን ሻወር ውስጥ ሳይቀር ደግሜ ሰማኋት።

ትክክለኛውን መስኮት ከፈትኩ። ያው ስህተት! ሲሜክ ቂመኛ ነው፣ ካሽ ፋይሉ፣ ማስታወሻው፣ ላይ የድሮውን ኮምፓይለር (ኮድ ተርጓሚ) ጽፎ ይዟል። የቢልድ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ደምስሼ ከዜሮ ጀመርኩ።

ባለፈው ወር ደግሞ ከጊት ባሽ፣ ዊንዶውስ ላይ የሊኑክስ ዓይነት ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት፣ ልገንባ ብዬ የሊንከሩ ሞክሼ ተጠራልኝ። እሱም «ሊንክ» ነው የሚባለው። ሥራው ግን ለአንድ ፋይል ሁለተኛ ስም ማውጣት ብቻ ነው። ያን ሁሉ ፋይል ሲያሸክሙት «ትርፍ ኦፔራንድ» ብሎ አኮረፈ። ግማሽ ቀኔን በላ። የዚያን ቀን ደግነቱ ማንም አላየኝም።

ለማንኛውም ዛሬ ተገነባች። ዜሮ ኤረር። የማስጠንቀቂያውን ብዛት አትጠይቁኝ፣ አላነበብኩትም። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። «የዚሊብ ዲኤልኤል አልተገኘም።» ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጭነው የዚሊብ ፋይል ማለት ነው። ዲኤልኤሉ እኮ ሁለት ፎልደር አልፎ ቁጭ ብሏል! አንስቼ አጠገቡ ለጠፍኩት። ሠራ። መጮህ አማረኝ፣ ግን ልጁ ከጎኔ ተቀምጧል።

ላይብረሪዋን ለቡድኑ ላክሁ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ መልስ መጣ፦

«እናመሰግናለን። ይሄ ሪሊዙ ነው አይደል? ከእኛ ዲበግ ጋር አልሊንክ ብሏል፣ ኤልኤንኬ2038 ይላል። የዲበጉንም ትልክልናለህ?»

ሪሊዝ ለተጠቃሚ የሚሰጠው ግንባታ ነው፣ ዲበግ ስህተት የሚታደንበት፤ ሁለቱ አይስማሙም። ዚሊብም እንደገና ሊገነባ ነው ማለት ነው። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ስሙን ሦስቴ አነበብኩ።