ወንበሩ የቤተ ክርስቲያን፣ ድምፁ የማን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአንድ የአብያተ ክርስቲያናት የጋራ በጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ በጸሐፊነት አገልግያለሁ። በዚያ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ተኝቶ ነበር። ለተፈናቀሉት የመጣው ብርድ ልብስ፣ ጀሪካንና ድስት መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። እኛ ደግሞ ጣና በመስኮት በሚታይበት አዳራሽ ተቀምጠን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በአንድ ጥያቄ ላይ እንከራከራለን፦ ዕቃው በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይታደል?

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት እናት በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ነጠላቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቶታል። «ልጆቼ፣ የኔ ስም ያለው በየትኛው መዝገብ ነው?» አሉን። ሦስት ዝርዝር ነበረን፤ የኦርቶዶክሱ፣ የካቶሊኩና የወንጌላውያኑ። ሦስቱንም አገላበጥን፤ የሉም። አንዱ የሌላው ምእመን ናቸው ብሎ ትቷቸዋል፤ ሌላውም እንዲሁ። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍኩት «የዕደላውን ቦታ በተመለከተ ውይይቱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» የሚል ነው። ስለ እርሳቸው አንድ መስመር እንኳ የለም። ጽሑፉ የኔ እጅ ነው፣ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

በዚያ አዳራሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ ያለው ወንበሩ በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ተወካዮቹን ይልካል ይላል። የላከህ ያነሣሃል። ስለዚህ አንዱ አባል ለሀገረ ስብከቱ፣ ሌላው ለሲኖዶሱ ይጠየቃል፤ ውኃ ለከበባት እናት የሚጠየቅ ግን አንድም ሰው የለም። የክርስቲያኖች የጋራ ድርጅት የሚታመመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አባሉ የላከችውን ቤተ ክርስቲያን አመኔታ ይዞ መምጣት ሲገባው ድርሻዋን ሊያስጠብቅ ይመጣል።

አብሮ መሥራቱ ለኛ አዲስ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ተሰባስበው፣ በኋላ ሲአርዲኤ በሚል ምኅጻር የታወቀውን የክርስቲያን ዕርዳታና ልማት ማኅበር መሠረቱ። በ1977ቱ ረኀብም ካቶሊኮችና መካነ ኢየሱስ እህል ለማድረስ ተባብረዋል፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ኋላ ከኅብረቱ ገብታለች። ከዚያም በፊት፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በ1948 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች።

በዚያው ጉባኤ የሆነ ነገር ለኛ ጉዳይ በጣም ይጠቅማል። የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በአብላጫ ድምፅ እየተበለጥን ነው ብለው ለረጅም ጊዜ አዝነው ነበር። እጅ እየተቆጠረ ሲወሰን፣ ቁጥራቸው ያነሰ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ላይ ልዩ ኮሚሽን እንዲቋቋም ተወሰነ፤ ከብዙ ድካም በኋላ የውሳኔ አሰጣጡ ወደ ስምምነት ተለወጠ። በ2006 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ፣ ፖርቶ አሌግሬ ላይ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ከጉባኤው ፕሬዚዳንቶች አንዱ ሆነው በተመረጡበት ማለት ነው፣ ተወካዮች ብርቱካንማና ሰማያዊ ካርድ ይዘው ተቀመጡ። ብርቱካንማው መደገፍን፣ ሰማያዊው አለመቀበልን ያሳያል። ሰብሳቢው ሰማያዊ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ያሳየውን ሰው ምክንያት ይሰማል። ሐሳቡን ያልለወጠ ሰው ደግሞ ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርለት መጠየቅ ይችላል።

እኛ ዘንድ የመጣው ስምምነት ግን ሰማያዊው ካርድ የጠፋበት ነው። ቅር ያለው አባል አባቶችን ላለማሳዘን አንገቱን ይደፋል፤ ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ይጽፋል። እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። ከስብሰባው በኋላ ግን ሻይ ላይ እውነቱ ይወጣል።

ሕጉ ቢነበብም ይህን ቀዳዳ አይደፍንም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን ራሳቸውን አይመለከትም፤ የሚያቋቁሙትን በጎ አድራጎት ድርጅት ግን ይመለከታል። አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ሪፖርትና የኦዲት ሒሳብም ይጠይቃል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ንጹሕ ሆኖ ዝርዝሩ የተዛባ ድርጅት ሊኖር ይችላል። የኛ ድርጅት እንደዚያ ነበር፤ ኦዲተሩ አንድም ጉድለት አላገኘብንም።

የሚያስፈልገንን ከሩቅ ማምጣት የለብንም። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥረውም። በቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የሰበካ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት፣ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ካህናትም፣ ምእመናንም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ይቀመጣሉ። እድራችንማ ይበልጣል። ገንዘብ ያዡ ቆሞ ሒሳቡን በአማርኛ፣ በቃሉ ያነባል፤ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ያ የድንኳን ኪራይ የት ገባ?» ብለው ያስቆሙታል፤ እርሱም ሳይመልስ አይቀመጥም። የኛ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚላከውም ለለጋሹ። ዕርዳታውን የተቀበለው ሰው አይቶት አያውቅም።

እኔ የምለው ይህ ነው። የተረጂው ዝርዝር በቤተ እምነት መዘጋጀቱ ይቅር፤ በየቀበሌው ካሉ እድሮች ጋር አንድ ዝርዝር ይውጣ። ከቦርዱ ወንበሮች ቢያንስ ሁለቱ ተረጂዎቹ ራሳቸው ለሚመርጧቸው ሰዎች ይሰጡ። ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መኪና ወይም ኪራይ ሲወሰን የዚያች ቤተ ክርስቲያን ተወካይ ከአዳራሹ ይውጣ፤ መውጣቱም ይመዝገብ። የቦርድ አባል የአገልግሎት ዘመኑ ይገደብ፤ በመካከል የሚነሣ ከሆነም ምክንያቱ ለቦርዱ በጽሑፍ ይገለጽ። የተቃወመ ሰው ስሙና ምክንያቱ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ሒሳቡ በአማርኛ በበሩ ላይ ይለጠፍ።

እንዲህ ከሆነ አብያተ ክርስቲያናቱ «የኛ አይደለም» ብለው ይሸሻሉ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ስጋታቸው ቀላል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ፎገራ ድረስ ሰው የሚያምነው ስሟን ነው። ስሟ የሚጎዳው ግን በሯ ላይ የመጣ ሰው «የማን ምእመን ነሽ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ደንቡን የምናሻሽለው ደግሞ ወንዙ ሳይሞላ፣ በበጋው መሆን አለበት። በክረምት ማንም ደንብ አያነብም።

እኚያ እናት ብርድ ልብሳቸውን ያገኙት በዘጠነኛው ቀን ነው። ስማቸውን ጽፎ ያመጣልን የሰፈራቸው የእድር ዳኛ ነበር፤ በዚያው ወረቀት ላይ ሌሎች አሥራ አንድ ስሞች ነበሩ፤ ከሦስቱ ዝርዝሮቻችን በአንዱም ያልነበሩ።